ሲልኪ ዶሮ ዝናብ ትችላለች ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንዲት ዶሮ ናቸው። ሲልኪ ትባላለች። ላባዋ ሲነካ የድመት ጠጉር ይመስላል። ቆዳዋ ጥቁር ነው፣ አጥንቷም ጥቁር ነው። አብዛኛው ሌላ ዶሮ በአንድ እግሩ አራት ጣት ሲኖረው እሷ አምስት አላት። ጆሮዋ ሥር ያለችው ቆዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ትሄዳለች። ቪዲዮዋ በቲክቶክ ስለሚዞር መሰለኝ ደብዳቤው ከአሜሪካም፣ ከእንግሊዝም፣ ከአዲስ አበባም መጥቷል። እኔ ይህችን ዶሮ በጣም እወዳታለሁ። አንዳንዱ መልሴ ጠንከር ያለው ለዚህ ነው፤ ሰው መልኳን አይቶ ይገዛታል፣ የሚያስፈልጋትን ሳያውቅ ደግሞ ግቢ ውስጥ ይለቃታል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሲያትል ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ሲልኪ ካልገዛችሁልኝ ብላ አላስቀምጥ አለችን። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ አጥርም አለው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግኩት፣ ዶሮ አዲስ አይሆንብኝም። ባለቤቴ ግን «ይሄ አሻንጉሊት እንጂ ዶሮ አይደለም፣ በዚህ አገር ዝናብ ውስጥ አንድ ክረምት በሕይወት አይቆይም» ይላል። እውነቱን ነው? (እናት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ስለ ዝናቡ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ዶሮ አይደለችም ያሉትን ግን አልቀበልም፤ ትጭራለች፣ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች። ችግሩ ያለው ላባዋ ላይ ነው።

የተራ ዶሮ ላባ ስናየው አንድ ወጥ ይመስለናል እንጂ ከመሃል ግንዱ ግራና ቀኝ የሚወጡ በጣም ብዙ ቀጫጭን ክሮች ስብስብ ነው። ክሮቹ በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሏቸው። አንዱ መንጠቆ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ያም የሚቀጥለውን ይይዛል፣ እንዲህ ተቆላልፈው ነው ውሃ የሚያንሸራትት፣ ነፋስ የሚገፋ ላባ የሚሆኑት። የሲልኪ ላባ ላይ እነዚያ መንጠቆዎች በደንብ አልተሠሩም። ስለዚህ ክሮቹ ሳይያያዙ ተለያይተው ይቀራሉ። ለእጅ የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ መብረር አትችልም። አጥር ዘላ ጎረቤት አትሄድብዎትም፣ ግን ውሻ ወይም ራኩን የሚባለው የአሜሪካ አውሬ ቢመጣባትም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥታ አታመልጥም። ሁለተኛው፣ ውሃ ቀጥ ብሎ ወደ ቆዳዋ ይዘልቃል። ሌላ ዶሮ በካፊያ ውስጥ ስትለቅም ውላ ተራግፋ ትገባለች። ሲልኪ በዚያው ካፊያ ትበሰብሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ካልደረቀች ልትሞትም ትችላለች። ደረቅ ብርድ ያን ያህል አይጎዳትም፣ በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ብዙ ሰው ያረባታል። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚጥላት። የሲያትል ክረምት ደግሞ ሁለቱም አለው፣ ለወራት።

እና ልጅዎ የዶሮዋን ቀለም ከመምረጧ በፊት እናንተ ጣራውን ሥሩ። የማደሪያ ቤቷን ብቻ አይደለም የምለው። ቀን ቀን የምትውልበትም ቦታ ጣራ ይኑረው፣ ዝናብ በነፋስ ከሚገባበት በኩል ደግሞ ጎኑ ይዘጋ። ወለሉ ጭቃ እንዳይሆን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፉበት። እግሯ ላይ እስከ ጣቶቿ ድረስ ላባ ስላለ ጭቃ እየተጋገረበት ይደርቅና ያቆስላታል። ቆጡም ዝቅ ያለ ይሁን፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ቆጥ ትተው ጥግ ላይ ተደራርበው ነው የሚያድሩት፣ ስለዚህ ጉዝጓዙ ሁልጊዜ ደረቅ መሆን አለበት። አንድ ቀን ድንገት ብትበሰብስ በፎጣ አድርቃችሁ በፎን (በፀጉር ማድረቂያ)፣ ለብ ባለው ሙቀት፣ እስከ ቆዳዋ ድረስ ማድረቅ ነው። ለውድድር የሚያቀርቧት ሰዎች ራሳቸው አጥበው በፎን ነው የሚያደርቋት፣ አብዛኞቹም ጸጥ ብለው ይቀመጡላቸዋል።

ራኩን እናንተ ሰፈር እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ ራኩንን አያስቆምም፣ በእጁ ቀዶት ይገባል። ቀዳዳው ትንንሽ የሆነ ወፍራም የሽቦ መረብ ግዙ። የበሩ መዝጊያም በእጅ ገፍቶ የሚከፈት አይሁን፣ ራኩን ይከፍተዋል።

ሌላው ዓይኗ ነው። አናቷ ላይ ያለው ቁንጮ ሲያድግ ዓይኗ ላይ ይወድቃል። ከላይ ጭልፊት ሲመጣ አታይም፣ ጓደኛዋ ልትነክሳት ስትመጣም አታይም፣ አንዳንዴ የውሃ ዕቃው የት እንዳለ እንኳ ትቸገራለች። በዓይኗ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ማሳጠር ይቻላል። ልጅዎ በየሳምንቱ የምትሠራው ሥራ አድርጋችሁ ስጧት፣ ያኔውኑም ቁንጮው ውስጥ ቅማል እንደሌለ ትፈትሽ።

እርስዎ ያደጉባት የአገር ቤት ዶሮ ሸለምጥማጡን ሸሽታ፣ ዝናቡን ከጎተራ ሥር ተጠልላ፣ ምግቧን ጭራ አግኝታ የምትኖር ናት። ሲልኪ ከዚህ አብዛኛውን ለብቻዋ አትችለውም፣ ሰው ነው የሚያደርግላት። ያንን ከተቀበላችሁ ለአሥር ዓመት ልጅ ከሲልኪ የተሻለ ዶሮ አላውቅም። የዋህ ናት፣ እቅፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አውራዎቹም በአብዛኛው ረጋ ያሉ ናቸው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ብቻዋን አትግዟት፣ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ ከትልልቅ ዶሮዎች ጋርም አትቀላቅሏቸው። ዕድሜዋ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሊሄድ ስለሚችል ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዶሮዋ እናንተ ጋር ልትቀር ትችላለች፣ ይህንን አሁኑኑ ተነጋገሩበት። ደግሞም የምትኖሩበትን ከተማ ሕግ ጠይቁ፤ ስንት ዶሮ እንደሚፈቀድ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አውራ ዶሮ የሚከለክሉ ከተሞችም ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ሦስትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ሲልኪዋን ሲስሟት ነው የሚውሉት። ችግር አለው? (አባት፣ ከሚኒሶታ)

መልስ፦ አለው ወንድሜ። ዶሮ ምንም ሳትታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ልትይዝ ትችላለች፣ ላባዋም እግሯም ላይ ይገኛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዶሮና ጫጩት እንዳይነኩ ነው የሚመክረው፣ ለትልልቆቹም መሳምና ፊት ላይ ማስጠጋት ይቅር ይላል። ሲልኪ ደግሞ ከሌላው ዶሮ ሁሉ ይልቅ ሳሙኝ ሳሙኝ የምትል ስለሆነች አደጋው ይበልጣል። የሦስት ዓመቱ በዓይኑ ይያት፣ የስድስት ዓመቱ ይዳስሳት፣ ከዚያ ወዲያውኑ በሳሙና ይታጠብ። ዶሮዋ ሰው የሚበላበትና ምግብ የሚሠራበት ክፍል አትግባ።

ጥያቄ፦ ሲልኪዬ እንቁላል የላትም፣ ግን ከጎጆዋ አልነሳም ብላለች። ባዶ ሣር ታቅፋ ነው የምትውለው። ስነካት ትነፋፋለች። እናቴ ልትጠይቀኝ ከጎጃም መጥታ ነበር፣ «ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪያት፣ ወይ እግሯን አስረሽ ዘቅዝቂያት፣ ይለቃታል» አለችኝ። አሳዘነችኝና ተውኩት። ምን ላድርግ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እናትሽ ያሉት ከራሳቸው ፈጥረው አይደለም። በገጠራችን መታቀፍ የጀመረችን ዶሮ ቶሎ ወደ መጣል ለመመለስ ውሃ መንከር፣ መዘቅዘቅ፣ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። የታቀፈች ዶሮ አትጥልም፣ እንቁላል ደግሞ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ምክንያቱ ይገባኛል። ሲልኪን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሪያት። ከላይ ለሲያትሏ እናት እንደጻፍኩት ላባዋ ውሃ ይመጥጣል፣ በቀላሉም አይደርቅም። መዘቅዘቁም ይቅርባት።

ሲልኪ በመታቀፍ የታወቀች ናት። ትንሽ ትጥልና ትታቀፋለች፣ ጫጩት ኖረም አልኖረም። በዓመት 100 ወይም 120 እንቁላል ብትጥል ጥሩ ነው፣ እንቁላሏም ትንሽ ነው። ለዕለት ቁርስ እንቁላል ብለሽ ከሆነ የያዝሻት ሌላ ዝርያ ጨምሪ።

መንገዱ ሁለት ነው። እንድትተው ከፈለግሽ ወለሉ የሽቦ መረብ የሆነ፣ ከሥሩ አየር የሚገባው ቀፎ ውስጥ፣ ጣራ ሥር፣ ከምግብና ከውሃ ጋር ለጥቂት ቀን አስቀምጫት። ሣርም ጨለማ ጥግም አይኑረው። ደረቷ ሥር ያለው ሙቀት ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃታል። ሁለተኛው መንገድ እኔ የምወደው ነው፤ እንቁላል አስታቅፊያት። አውራ የሚያጠቃቸው ዶሮዎች ካሉት ሰው የሚፈለፈል እንቁላል ውሰጂና ማታ፣ በጨለማ፣ ከሥሯ አስገቢላት። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የዳክዬ 28 ቀን ይፈጃል፣ ሲልኪ ያንንም ትጨርሰዋለች። የቱርክ፣ የፋዛን፣ የድርጭት እንቁላል ሳይቀር የሚያስታቅፏት ሰዎች አሉ፤ ሌላ ዝርያ አርቢዎች ሲልኪን ከሌሎች ወፎቻቸው ጋር የሚይዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ ግን አንሺያትና ትብላ፣ ትጠጣ፣ ኩሷን ትጣል። እሷ ራሷን ረስታ የምትከሳ ዶሮ ናት። ከሆዷ ሥርም ቅማል መኖሩን ፈትሺ፣ ተቀምጣ ስትውል ይራባባታል።

ጥያቄ፦ አውራ ሲልኪ ገዝቼ ቢጫ እግር ካላቸው ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼ ጋር ለቀቅኩት። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ሲያድጉ ላባቸው ተራ የዶሮ ላባ ሆነ። አንዳቸውም ጠጉር የላቸውም። ግን አምስት ጣት አላቸው፣ አንዳንዶቹም ቆዳቸው ጥቁር ነው። የሸጠልኝ ሰው ድቅል ነው የሸጠልኝ ማለት ነው? (ወጣት አንባቢ፣ ከዳላስ)

መልስ፦ አይደለም፣ አልተጭበረበርክም። እንዲያውም የጻፍክልኝ ነገር በሙሉ አውራው ሲልኪ መሆኑን የሚደግፍ ነው። ይህን ጥያቄ ስለወደድኩት ትንሽ ላብራራው።

ለስላሳው ላባ የሚወጣው ጫጩቱ ባሕርዩን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ብቻ ነው። ከአንዱ ብቻ ከወረሰ ተራው ላባ ያሸንፋል። ያንተ ጫጩቶች ከአባታቸው ወርሰዋል፣ ከእናታቸው ግን አልወረሱም። ባሕርዩ ጠፍቷል ማለት አይደለም፣ ተሸፍኖ ውስጣቸው አለ። እነዚህን ጫጩቶች አሳድገህ እርስ በእርስ ብታዳቅላቸው በአማካይ ከአራቱ አንዱ ጠጉር ለብሶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ለዚህ ላባ ምክንያት የሆነውን ለውጥ ፒዲኤስኤስ2 ከሚባለው ጂን ጋር አያይዞታል።

አምስተኛው ጣት ግን ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ብዙ ጊዜ ይወጣል። ለዚህ ነው ላባው ጠፍቶ ጣቱ የቀረው።

የቆዳው ጥቁረት ከሁሉም ይገርማል። ጫጩቶቹን ወንድና ሴት ለይተህ እያቸው። ጥቁር የሆኑት ሴቶቹ፣ ፈካ ያሉት ወንዶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቢጫ እግር ያላቸው ዶሮዎች ጥቁረቱን የሚያዳፍን ባሕርይ አላቸው፣ ይህ ባሕርይ ደግሞ ያለው ጾታን በሚወስነው ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) ላይ ነው። በዶሮ ዘንድ እናት ይህን ክሮሞሶም ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ የቢጫ እግሯ እናት ማዳፈኛ ወንዶቹ ላይ ሲሠራ ሴቶቹ እንደ አባታቸው ይጠቁራሉ። እንግሊዛውያኑ ዊልያም ቤትሰንና ሬጂናልድ ፓኔት ይህንኑ ሲልኪን ሌግሆርን ከሚባለው የዶሮ ዝርያ ጋር እያዳቀሉ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1911 አሳትመውታል። የዘር ውርስ ሳይንስ ገና ልጅ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። አንተ ግቢህ ውስጥ ያደረግከው ከእነሱ ሙከራ ጋር አንድ ነው፣ ጫጩቶቹን በፎቶ እያነሳህ መዝግባቸው።

ጥያቄ፦ ሲልኪዬ ትናንት ጀምሮ አንገቷ ተጠምዟል። ወደ ኋላ ትወድቃለች። መብላት አልቻለችም። ፈንግል ይሆን? አርጄ ልገላግላት? (ከለንደን)

መልስ፦ በአንድ ቀን ለማረድ አትቸኩሉ። አንገት መጠምዘዝ ሲልኪ ላይ በብዛት ይታያል፣ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው።

የብዙ ሲልኪዎች የራስ ቅል አናቱ ላይ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። ቀዳዳ አለው፣ አንጎሉም በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቁንጮው ሞላ ያለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ሌላ ዶሮ አናቷን ብትነክሳት፣ ወይም ደንግጣ ከጣራው ጋር ብትጋጭ፣ ለሌላ ዶሮ ምንም ያልሆነው ምት እሷን አንጎሏ ላይ ይመታታል። ከትልልቅ ዶሮ ጋር አትቀላቅሏት የምለው ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት የቫይታሚን ኢና የሴሌኒየም ወይም የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው። የጆሮ ኢንፌክሽንም ያደርገዋል። ማሬክስ የሚባለው የቫይረስ በሽታም አለ፣ ሲልኪ ለእሱ ደካማ ናት፤ ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ እንደተፈለፈለች ነው፣ ስለዚህ ስትገዙ ተከትባ እንደሆነ ጠይቁ። ፈንግልም አንገት ያጣምማል፣ ግን ፈንግል ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንዷን ብቻ ይዞ አይቆምም።

አሁኑኑ ለብቻዋ አድርጓት። ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ በፎጣ ደግፋችሁ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን። ውሃ በጠብታ ምንቃሯ ጎን ላይ አድርጉላት፣ ጉሮሮዋ ውስጥ አትጨምሩ፣ ሳንባዋ ይገባል። መኖዋን በውሃ አርሳችሁ በእጅ አብሏት። ከዚያ ዶሮ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ጋር ደውሉ፣ ቫይታሚኑን በምን ያህል መጠን እንደምትሰጡ እሱ ይንገራችሁ፤ ሴሌኒየም ሲበዛ መርዝ ነው። የእጥረት ከሆነ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ከአንድ በላይ ዶሮ ከታመመባችሁ ወይም ድንገት ከሞተባችሁ ግን በእንግሊዝ ፈንግልም የወፍ ጉንፋንም ለመንግሥት የእንስሳት ጤና ተቋም የሚነገሩ በሽታዎች ናቸው፣ ሐኪሙን ሳትጠብቁ ደውሉ።

ለንደን ከሆናችሁ ሁለት ነገር አብሬ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ዶሮ እንኳ ያለው ሰው ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ከማዕድ ቤት የተረፈ ምግብ ለዶሮ መስጠት በሕግ ክልክል ነው፣ ለቤት እንስሳነት ለተያዘችውም ጭምር። ከዚህ ነፃ የሚሆነው የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይገባበት ቤት ብቻ ነው። ሥጋና ቅቤ ያለበት ማዕድ ቤት ውስጥ የተረፈ እንጀራ ፍርፋሪ መስጠት ለኛ የሚያስነውር ነገር አይመስለንም፣ ሕጉ ግን አይፈቅደውም። እንዲያውም ቆሎም ሆነ ጎመን ልትሰጧት ከፈለጋችሁ በማዕድ ቤቱ ሳያልፍ ከጓሮ ወይም ከመኖ ሻጭ ቀጥታ ይሂድላት።

ጥያቄ፦ አምስት ወር የሆናቸው አራት ሲልኪዎች አሉኝ። የትኛው አውራ የትኛዋ ሴት እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። (ከዴንቨር)

መልስ፦ ሲልኪ ላይ ሁሉም ሰው ይቸገራል። አንዳንዱ እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቁንጮውን እይው፤ የሴቷ ክብ ሆኖ ይሞላል፣ የአውራው ወደ ኋላ የተሳቡ ረዘም ያሉ ላባዎች ያወጣል። ከምንቃሩ በላይ ያለው ሥጋም በአውራው ላይ ሰፋ ይላል። ከጮኸ አለቀ፣ እንቁላል ከጣለችም አለቀ። ከተማችሁ አውራ የማይፈቅድ ከሆነና መጠበቅ ካልቻልክ ላባ ወይም ጥቂት ደም ወስደው በዲኤንኤ የሚለዩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ወደፊት ስትገዛ ጫጩት ሆነው ከሚሸጡት ይልቅ ጾታቸው የተለየውን ትልልቆቹን ውሰድ፣ ዋጋው ቢበዛም።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ይህች ዶሮ እውነት አለች ወይስ በኮምፒውተር የተሠራች ናት? እህቴ አሜሪካ ስላለች እንቁላሉን በሻንጣ ታምጣልኝ ብዬ ነበር። እናቴ ግን ሥጋዋም አጥንቷም ጥቁር የሆነ ዶሮ ግቢያችን አይገባም ብላለች። ደግሞስ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ትሆናለች? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለች፣ በጣም የቆየችም ናት። የቬኒሱ ተጓዥ ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ቻይና ሲተርክ እንደ ድመት ጠጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች እንዳሉ ጽፏል። ጣሊያናዊው ኡሊሴ አልድሮቫንዲም እ.ኤ.አ. በ1600 በታተመው የወፎች መጽሐፉ ውስጥ ጠጉር ስላላቸው ዶሮዎች አንስቷል። አውሮፓ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ከጥንቸልና ከዶሮ የተወለደች ናት እያሉ የሚሸጧትም ነበሩ፣ ሐሰት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1874 በወጣው የዶሮ ዝርያዎች መለኪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች። ቪዲዮ ላይ ሐምራዊና ሮዝ ሆና ካየሃት ግን ያ ቀለም የተቀባ ነው። የራሷ ቀለሞች ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ የሚሉት አመድማ፣ ብጫማና የቆቅ መልክ ናቸው።

እናትህ ያሉትን አላቃልለውም። በኛ አገር ጥቁር ዶሮ ለጭዳ፣ ለዛር፣ ለመሳሰለው ስትፈለግ ስላየን ብዙ እናቶች ጥቁር ዶሮ ግቢ ሲገባ አይወዱም። የዚች ዶሮ ጥቁረት ግን የቀለም ጉዳይ ብቻ ነው። 20ኛው ክሮሞሶሟ ላይ ያለ የዘር መረጃ ክፍል ተደግሟል፣ በዚህም ጫጩቷ ገና እንቁላል ውስጥ እያለች ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ከልክ በላይ ይበዙና ቆዳውን፣ ጡንቻውን፣ የአጥንቱን ልባስ ሁሉ ያለብሱታል። ላባዋ ነጭ የሆነውም ሲልኪ ቆዳዋ ጥቁር ነው። የኢንዶኔዢያው አያም ቼማኒና የስዊድን ጥቁር ዶሮም ይኸው ለውጥ አላቸው። ቻይናውያን ደግሞ ጥቁረቷን በተቃራኒው ነው የሚያዩት። በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ታይሄ የምትባል አካባቢ በዚህ ዶሮ የታወቀች ናት፣ ሾርባዋን በባህላዊ ሕክምናቸው ለሴቶች፣ በተለይ ለወለደች አራስ፣ ኃይል ይመልሳል ብለው ይሰጣሉ። ለእናትህ ይህን ንገራቸው። ካልተስማማቸው ግን ግቢው የእሳቸው ነው፣ ዶሮ ብለህ አትጋጭ።

ሥጋዋ ይበላል። ለዶሮ ወጥ ግን አልመክርህም። በአሜሪካው መለኪያ አውራው 1 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች፤ እንግሊዝ ውስጥ ተለቅ ያሉ አሉ። 12 ብልት ስታወጣላት ለእንግዳ የሚቀርብ አይሆንም፣ ሥጋው ሲበስልም ጥቁር እንደሆነ ነው። ለፋሲካ የአገሩን ዶሮ ግዛ።

እንቁላሉ በሻንጣ አይምጣ። የሚፈለፈል እንቁላል በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን ብዙ የዶሮ እርባታ አጥቅቷል። በኛ ገጠር የአንድ ቤተሰብ ዶሮ ሁሉ በአንድ ሳምንት በፈንግል ሲያልቅ ያየ ሰው ሌላ በሽታ ተጨምሮ እንዲገባ አይፈልግም። በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድና ከላኪው አገር የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፣ ከመጀመሪያው እዚያ ሄደህ ጠይቅ። ከተሳካልህና ጫጩቶቹ እጅህ ከገቡ የፈንግል ክትባታቸውን አስጀምር፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊትም የሚውሉበትን ቦታ በቆርቆሮ ሸፍን።